ይድረስ ለክቡር የትብብር ደብዳቤ

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ሲከፈት ይሰጣል
ጉዳዩ፦ የውሃ መረጃ ስለመለመን

ክቡርነትዎ ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከመዝገብ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ጋር ተላምደናል። ሦስተኛ ሳምንታችን ነው።

ጉዳዬ ትንሽ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፌ አዋሽ በክረምት እንዴት እንደሚሞላ ላሰላ ፈለግኩ። የሚያስፈልገኝ ሁለት ነገር ነው፤ ስንት እንደዘነበና ወንዙ ስንት እንደደረሰ። ለካ ውሃ ሰማይ ላይ እያለ የአንዱ መሥሪያ ቤት ነው። ወንዝ ሲገባ የሌላው። ወደ ታች ከሰረገ የሦስተኛው። ግድብ ከደረሰ ደግሞ መብራት ይሆንና አለቃው ይቀየራል። በእነዚህ ሁሉ መካከል ሳይቋረጡ የሚፈሱት እርስዎ ብቻ ነዎት።

የመጀመሪያው ቢሮ «ከዩኒቨርሲቲ ይጻፍልህ» አለኝ። ተጻፈልኝ። ሁለተኛው «ይሄ ለነሱ ነው፣ ለኛ በስማችን ይጻፍ» አለ። በስማቸው ተጻፈ። ቲተሩ ደብዝዟል ተባልኩ። ቲተሩ ሲጎላ ፈራሚው ስብሰባ ገቡ። አጀንዳው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የመረጃ ልውውጥን ስለማጠናከር።

አዋሽ ግን ደፋር ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ እስኪደርስ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ክልል ሲሻገር አንድም ቦታ ሸኚ አላስጻፈም። ደጋ ላይ የዘነበው ቆላ ሲደርስ ከብት ይወስዳል። እርስዎ ያኔ ምናልባት ገቢ ደብዳቤ መዝገብ ላይ እየሰፈሩ ነው።

የገጠሩ ቆጠራማ ሌላ ጉድ ነው። ድሮ በ1.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ በቀን 15 ሊትር ያገኘ የገጠር ሰው «ንጹህ ውሃ ተዳርሶታል» ይባል ነበር። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መስፈርቱ 25 ሊትርና 1 ኪሎ ሜትር ሆነ። እንስራዋን አዝላ ያንኑ መንገድ የምትመላለስ ሴት በአንድ ሌሊት ከተዳረሰላቸው ወጥታ ካልተዳረሰላቸው ገባች። ማንም አልነገራትም። ግልባጭ ላይ ስሟ የለማ!

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ውሃ፣ ጤና፣ ትምህርትና ገንዘብ ሚኒስቴሮች አብረው ዋን ዋሽ የሚባል የውሃና የንጽህና ፕሮግራም ጀመሩ። መፈክሩ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» ነው። ሐሳቡ ሸጋ ነው፣ እዚህ ላይ አልቀለድኩም። ችግሩ አንዱ የተተከለውን ቧንቧ ይቆጥራል፣ ሌላው ውሃ የሚወርድበትን። ሁለቱም ልክ ናቸው። ቧንቧው ብቻ ደርቋል።

ለማንኛውም ትናንት ተሳካልኝ። ፍላሼ ላይ ቫይረስ አለ ተብሎ በወረቀት ታትሞ ተሰጠኝ። ሰኔ አለ። ሐምሌ አለ። ነሐሴ ባዶ ነው። «ነሐሴስ?» አልኩ።

«ነሐሴ ላይ ጎርፉ መለኪያውን ወሰደው» አሉኝ። «ለመተካት ደብዳቤ ጽፈናል።»

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአግዳሚ ወንበሯ
ለአዋሽ (ደብዳቤ ስለማያነብ በቃል ይነገረው)