ሥጋ በሉ ቀበሮ አበባ ሲልስ

የባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ የአበባ ወለላ እንደሚልስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 የታተመውን ጥናት ጠቅሶ የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤያለሁ። ዋና ምግቡ ፍልፈልና አይጥ የሆነ እንስሳ፣ አንዳንዴ በአንድ ስምሪት እስከ 30 አበባ እያዳረሰ፣ በአበባው ዘንግ ታችኛ ክፍል ፈክተው ወደ ቢጫነት የተለወጡትን መላሱ በእጅጉ ያስደንቃል፤ የአካባቢው እረኞች ልጆችም ይህንኑ አበባ ይልሱ የለ! አፍንጫው በአበባ ብናኝ መሸፈኑ ግን ርክበ ብናኝ (ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ አድርሶ ማዳቀል) ይፈጽማል ብሎ ለመደምደም አያበቃም፤ ተመራማሪዎቹ «ሊሆን ይችላል» ያሉትን ያነበብሁት ጽሑፍ ርእስ ቸኩሎ አጽድቆታል። በሰሜን ሸዋ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ልማድም ቢታከልበት መልካም ነበር፤ እዚያ ሣር በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው።