ስድስት ርካሽ ፋን ወይስ ሦስት ጥሩ ፋን?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለሚገጣጠም ዴስክቶፕ፣ ገንዘቡ እኩል ከሆነ፣ ስድስት ርካሽ ፋን (አየር የሚያንቀሳቅስ ማራገቢያ) ከሦስት ጥሩ ፋን ይሻላል።»

ደጋፊ፦

በከፍታው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመጣል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በሰዓት የሚያሳልፈው የአየር መጠን እዚህም እዚያም ያው ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ነው፤ እሱ ቀንሷል። ጌም ሲከፈት 400 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር እንውሰድ። ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ሣጥን) የሚወጣው አየር ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ከተፈለገ፣ በባሕር ወለል በሰዓት 120 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 155 ገደማ ይጠይቃል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ከፋኑ ፊትም ኋላም ምንም ሳይጋረድ የተለካ ነው። ማጣሪያና ወንፊት ሲቆምበት ብዙ ይወርዳል።

ስለዚህ ብዛት ያስፈልገናል፦ ሦስት ከፊት የሚያስገቡ፣ ሁለት ከላይና አንድ ከኋላ የሚያስወጡ። ጩኸቱን የሚፈራ ካለ ይህን ይወቅ፤ የአንድን ፋን ፍጥነት እጥፍ ብታደርጉት ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ በያዘው ፍጥነት ሁለተኛ ብታክሉበት ግን ጭማሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስድስቱ በደቂቃ 800 ዙር ተረጋግተው ይዞራሉ። በዚህ ፍጥነት ደግሞ ፋን ፋን ነው፤ ለስም እጥፍ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

ተቃዋሚ፦

«ፋን ፋን ነው።» ይህን የሚል ሰው ሁለት ፋን ፈትቶ ጎን ለጎን አላያቸውም። ርካሹ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ስሊቭ የሚባለው ተራ ኩሽኔታ ነው፤ ዘንጉ በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ይዞራል። ፋኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህ ለጊዜው ይሠራል። የኬዙ ጣሪያ ላይ በጀርባው ሲተኛ ግን ክብደቱ በሙሉ ወደ ዘንጉ ጫፍ ይዞራል፣ ዘይቱም ቀስ በቀስ ይሸሻል። ምልክቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ የሚሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ነው። ከስድስቱ ሁለቱን ያስተኙት እዚያው ጣሪያ ላይ ነው።

የባሰው ግፊቱ ነው። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚያሳልፈው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ የመግፋት ጉልበቱ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። አርክቲክ ፒ12 የሚባለው ፋን በደቂቃ 1,800 ዙር 2.2 ሚሊ ሜትር ውሃ ግፊት አለው፤ በ900 ዙር 0.55 ገደማ ይቀረዋል። ይህ ለግፊት ታስቦ የተሠራ ነው። ክንፈ ቀጭን የሆነውን ርካሽ ፋን በ800 ዙር ከማጣሪያ ጀርባ ብታቆሙት አየሩ በክንፉ ጫፍና በክፈፉ መካከል ወደ ኋላ ይመለሳል። ጥሩ ከሚባሉት ፋኖች አንዱ የሆነው የኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12 ክንፍ ከክፈፉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ የራቀው ለዚህ ነው። እርስዎ «ለስም» የሚሉት ክፍያ ለዚያች ግማሽ ሚሊ ሜትር የተከፈለ ነው።

ደጋፊ፦

ዓረፍተ ነገሬን ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ይዘው ሄዱ። «በዚህ ፍጥነት» ብያለሁ፤ ቃሌ እንዳለ ይጠቀስልኝ። ደግሞም በምሳሌነት ያነሡት አርክቲክ ፒ12 በአምስት ታስሮ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ ርካሽ ፋን ነው። የኔን ፋን ይዘው እኔን ይሞግቱኛል!

ከሁሉ በላይ የዘለሉት አቧራውን ነው። ከጥቅምት አንስቶ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ የዚህ ከተማ ቤት ሁሉ የሚያውቀውን አቧራ። የሚገባው አየር ከሚወጣው ካልበለጠ ኬዙ በየስንጥቁ ይስባል። ሙከራው ቀላል ነው፦ ከኋላ፣ ከግራፊክስ ካርዱ አጠገብ ወዳሉት ቀጫጭን ክፍተቶች አንዲት ቅዳጅ ሶፍት በጫፏ ይዛችሁ አስጠጉ። ወደ ውጭ ከተገፋች ደኅና ነው። ክፍተቱ ላይ ከተለጠፈች ኬዙ ያልተጣራ አቧራ እየጠጣ ነው። ይህን የሚከላከለው የአስገቢዎች ብዛት ነው።

ተቃዋሚ፦

ሙሉ ቃልዎን እጠቅሳለሁ፦ «በዚህ ፍጥነት ደግሞ ፋን ፋን ነው።» አሁን ደግሞ ፒ12 «የኔ ፋን» ሆነ። ከርካሾቹ መካከል የሚመረጥና የማይመረጥ ካለ ፋን ፋን አይደለም ማለት ነው፤ ይህን አንድ ቃል እስካላነሡት ድረስ አልለቅዎትም።

ሶፍቷን በራስዎ አሠራር ላይ ያስጠጓት። ሦስት አስገቡ፣ ሦስት አስወጡ፤ አስገቢዎቹ ፊት ማጣሪያ አለ፣ አስወጪዎቹ ፊት የለም። የሚወጣው ይበልጣል፣ ሶፍቷም ትለጠፋለች። ከላይ ካሉት ሁለቱ ወደ ፊት የቀረበው ደግሞ አሁን የገባውን ቀዝቃዛ አየር ፕሮሰሰሩ ሳያገኘው ነጥቆ ያወጣዋል።

800 ዙሩስ ከየት ይመጣል? ብዙዎቹ ርካሽ ስብስቦች ሞሌክስ በሚባለው መሰኪያ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ (ከኃይል ሰጪው) ይሠራሉ፤ ፍጥነታቸውን የሚቆጣጠር የለም፣ ቀንና ሌሊት በሙሉ ኃይል ይጮኻሉ። ባለ ሦስት ሽቦው ፋንም ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) በፒደብሊውኤም፣ ማለትም ፍጥነቱን በአራተኛ ሽቦ በሚላክ ምልክት እየተቆጣጠረ፣ እንዲሠራ ከተዋቀረ ሁልጊዜ ሙሉ 12 ቮልት ያገኛል።

ደጋፊ፦

ስለ ሞሌክሱ ልክ ነዎት፤ ያን ማንም አይግዛ። ባለ ሦስት ሽቦው ግን በአንድ ደቂቃ የሚስተካከል ነው፦ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መሠረታዊ ቅንብር) ገብቶ ፋኑ የተሰካበትን ሶኬት ከፒደብሊውኤም ወደ ዲሲ (ፍጥነቱን በቮልት ወደሚቆጣጠረው) መለወጥ። አንዱ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ 1 አምፔር ይችላል። እያንዳንዳቸው 0.15 አምፔር የሚወስዱ ሦስት ፋኖች በአንድ ማከፋፈያ ሽቦ 0.45 ይወስዳሉ፤ ለመነሻው ጉልበትም ቦታ ይተርፋል። ፍጥነቱ ሙቀቱ 50 ዲግሪ እስኪደርስ 40 በመቶ፣ 70 ዲግሪ ላይ 65 በመቶ ይሁን፤ ፋኑ በየሰከንዱ ከፍ ዝቅ እንዳይል ምላሹን በጥቂት ሰከንድ ማዘግየት ነው።

የላይኞቹን ሁለቱን አነሣለሁ፤ ሦስት አስገቢ፣ አንድ አስወጪ ይሁን። ሶፍቷ አሁን ወደ ውጭ ትገፋለች። ይህን ማሻሻያ መሸነፍ ብለው እንዳይጽፉብኝ እለምንዎታለሁ፤ እኔ የቆምኩት የሚያስገቡት ይብዙ ብዬ ነው።

ተቃዋሚ፦

የቆሙት ስድስት ይሁን ብለው ነበር፤ አሁን አራት ሆነዋል። ደስ ብሎኛል፤ ያለ ነቀፋ ነው የምለው። አቧራውም ላይ ከልብ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ይጨመርበት። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን አስገቢዎቹ ይታነቃሉ፣ የሚወጣው ይበልጣል፣ ሶፍቷም ተመልሳ ትለጠፋለች። በደረቁ ወራት ማጣሪያው በየሦስትና አራት ሳምንቱ ወጥቶ በውሃ ይታጠብ፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ አይመለስ። ፋኑን በአየር መንፊያ ስታጸዱ ክንፉን በጣታችሁ ያዙት። ሳይያዝ ከተነፋበት ከአቅሙ በላይ ይዞራል፤ ኩሽኔታው ይጎዳል፣ ሞተሩም እንደ ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ማዘርቦርዱ ሊልክ ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ከባዱን ሥራ አስጀምራችሁ 20 ደቂቃ ከቆያችሁ በኋላ የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት መዝግቡ። የኬዙን ጎን ክፈቱና ያንኑ ሥራ 20 ደቂቃ ድገሙ። ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ኬዙ አየር ጠምቶታል፣ ፋን ይጨመር። በ1 ወይም በ2 ብቻ ከወረደ ስድስትም አሥርም ብትጨምሩ ለውጥ የለም።

ደጋፊ፦

ሙከራውን እቀበላለሁ፤ ማጣሪያው ታጥቦ ከተሠራ። በተደፈነ ማጣሪያ የሚለካ ሰው ጎኑን ሲከፍት 5 ዲግሪ ይወርድለታል፤ ከዚያ ሄዶ ሦስት ኖክቱዋ ይገዛል፤ ኬዙ የጠማው ግን አንድ ባልዲ ውሃ ነበር።