ግልጽ ደብዳቤ፦ ሳይጠራ ባልዲዬ ውስጥ ለሚገባው ለክቡር ሙቀት

ለክቡር ሙቀት
ባሉበት (የሌሉበት ቦታ ካለ ይንገሩኝና እዛ ልሂድ)

ጉዳዩ፦ ከባልዲዬ በአስቸኳይ ለቀው እንዲወጡልኝ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱልኝ፣ እርስዎ መቼም ደህና ነዎት፣ ጀርባዬ ላይ የተለጠፈው ሸሚዝ ይመሰክራል። የምጽፍልዎት ስለራሴ አይደለም፣ እኔማ ጥላ ስር እገባለሁ። ነገሩ ትልቅ አሳ ላጠምድባቸው መንጠቆ ላይ ልሰካቸው በህይወት ይዣቸው ስለምዞረው ጣት የሚያካክሉ አሶች ነው። ማለዳ ባልዲው ግርጌ ሰብሰብ ብለው ሽው ሽው ሲሉ የነበሩት፣ ፀሀይ ትንሽ ከፍ ስትል ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ውሃው ፊት ላይ ደቅነው ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ፣ ስንጥባቸው (መተንፈሻቸው) ደሞ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፣ ይሄን ያየ አዲስ አጥማጅ "አቤት ሲጫወቱ፣ ርቧቸው ነው መሰለኝ" ይላል። ኧረ እየታፈኑ ነው ወንድሜ!

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከሥሩ ልጀምር። ክቡርነትዎ አሳ ሲያንቁ እጅዎ አይታይም። 10 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹህ ውሃ በሊትር 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል፣ 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 9 ይወርዳል፣ እርስዎ 30 ላይ ሲሰቅሉት 7.5 አካባቢ ይቀራል። ያውም ውሃው አየር በደንብ ካገኘ ነው፣ ባልዲ ውስጥ ተከማችተው ሲተነፍሱበት እዛም አይደርስ። በዚህ ቢያበቁ እኮ ጥሩ ነበር፣ ግን አሳ የሰውነቱ ሙቀት የውሃው ሙቀት ስለሆነ ውሃው በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሚፈልገው ኦክስጅን እጥፍ ገደማ ይሆናል። ደሞዝ ቀንሶ ስራ እጥፍ የሚያደርግ አለቃ አይቼ አውቃለሁ፣ እሱ እንኳን ቢያንስ ስብሰባ ጠርቶ ይናገራል።

እንደውም አንቱታው እዚህ ጋ ይብቃ። ካሁን በኋላ አንተ ነው የምልህ፣ ስራህ አንቱ አያስብልም።

ብቻህን ብትሆን እኮ እችልህ ነበር፣ ግን ግብረ አበር አለህ። አንዱ አሞኒያ ነው፣ አሳ ከሰውነቱ የሚያስወጣው መርዛማ ቆሻሻ። አሳ አሞኒያውን ባብዛኛው በስንጥቡ ነው የሚያስወጣው፣ ሀይቅ ውስጥ ተበትኖ ይጠፋል፣ ባልዲ ውስጥ ግን የት ይሂድ? እዛው ይጠራቀማል፣ አንተ ደሞ ውሃውን ባሞቅከው ቁጥር መርዘኛ የሆነው ድርሻ ከፍ ይላል። ውሃው ላይ አረፋ ቆሞ አልጠፋም ካለ በቃ ውሃው ቆሽሿል፣ መቀየር አለበት፣ እሱም ሁሉንም በአንዴ ደፍቶ ሳይሆን ከፊሉን፣ ከዳር ከሞቀው ሳይሆን ጠለቅ ካለው ቦታ በተቀዳ። ዳቦ የሚፈረፍሩላቸው አዛኞች ደሞ አሉ። የበላ አሳ ብዙ ያቆሽሻል፣ ያልተበላው ፍርፋሪ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክስጅን እሱ ይጨርሳታል። አንድ ቀን ባይበሉ አይሞቱም፣ በናንተ ደግነት ግን ይሞታሉ።

ሁለተኛው ግብረ አበርህ ጠላትህ መስሎ የሚመጣው ነው፣ በረዶ። ሰው አንተን አባርራለሁ ብሎ በረዶ በእፍኙ ዝግን አርጎ ይጨምራል፣ ውሃው ባንዴ ቀዝቅዞ አሳው በድንጋጤ ክንፉን አጥፎ ይቀራል። በረዶው ከቧንቧ ውሃ የተሰራ ከሆነ ደሞ ሲቀልጥ ክሎሪን ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ክሎሪን ስንጥብ ያቃጥላል። እኔ የማረገውን ልንገርህ፣ እንድትናደድ ብዬ ነው፦ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ (ሲረጋ ስለሚያብጥ ጫፉ ድረስ አልሞላም)፣ ክዳኑን ጥብቅ አርጌ አስረግቼ፣ እንደታሸገ ውሃው ላይ አንሳፍፈዋለሁ። ቀስ ብሎ ያቀዘቅዛል፣ አንዱ ሲሟሟ ሌላ እተካለሁ፣ ቴርሞሜትሯ ባልዲው ጎን ታስራ ታይሀለች።

ባልዲውም ቢሆን ጥቁር ፕላስቲክ ፀሀይ ላይ አስቀምጦ አንተን መውቀስ ነውር ነው፣ ይሄን ላንተ ብዬ እመሰክራለሁ። ነጣ ያለ ይሻላል፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ አይስቦክስ ከሁሉም ይበልጣል፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ መተው ግን ቀጥታ ላንተ አሳልፎ መስጠት ነው። ባልዲ ብቻ ካለኝ እርጥብ ጨርቅ እጠመጥምበታለሁ፣ ከጨርቁ ላይ ውሃው ሲተን አንተኑ ተሸክሞህ ይሄዳል። ስትወጣ ባይህ ደስታዬ ነው።

ስለ አየር ፓምፕ ምንም አልልም ብዬ ነበር፣ ግን ባትሪው ሁሌ አንተ ስትበረታ የሚያልቀው በምን ሂሳብ ነው? ተመካክራችኋል? ለማንኛውም አሶቹ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ፓምፕ ፍለጋ መሮጥ ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው፣ ከመነሻው ነው መክፈት፣ አረፋው ደቀቅ ያለ ቢሆን ደሞ ጥሩ፣ ከትልልቁ ይልቅ ደቃቁ ኦክስጅኑን ለውሃው ቶሎ ያስረክባል።

ስስትም አለ። "በሙቀት ስለሚሞቱ ብዙ ልያዝ" የሚል ሰው አለ፣ ብዙ ስለያዘ ነዋ የሚሞቱት! ግማሹን ቢይዝ ማታም መንጠቆው ላይ የሚንቀሳቀስ አሳ ይኖረው ነበር። የሞተውንም "በኋላ አወጣዋለሁ" ብሎ እዛው ይተወዋል፣ በደረቅ እጁ ገብቶ ያተራምሳል፣ ከሰውነታቸው ላይ የሚጠብቃቸውን ልጋግ ይጠርግባቸዋል፣ መረብ እያለ። ሲመሽ ደሞ የተረፉትን "ነፍሳቸው ትትረፍ" ብሎ ወዳልመጡበት ሀይቅ ይደፋቸዋል፣ በሽታና ባዕድ ዝርያ ለሀይቁ ስጦታ አርጎ ይሄዳል፣ ብዙ ቦታ ደሞ በህግ የተከለከለ ነው። ይሄኛውን ባንተ ማሳበብ አልችልም፣ ብፈልግም።

እንግዲህ ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ከባልዲው ውጣልኝ። ስራ አጣሁ እንዳትል፣ ቦታ አለህ፣ ማታ ትልቁ አሳ ሲያዝ መጥበሻው ስር ትፈለጋለህ። የሚገርመኝ ግን እዛ ስትፈለግ ነው የምትለግመው፣ ከሰሉን ሳራግብ ግማሽ ሌሊት ታስጠብቀኛለህ።

ከሰላምታ ጋር (ከሞቀ ሰላምታ ጋር አላልኩም)
የባልዲው ባለቤት

ግልባጭ፦
ለአሞኒያ
ለክሎሪን
ለፓምፑ ባትሪ (ቻርጅ ሲደረግ እንዲደርሰው)