ሰብለ በቱሉ ዲምቱ

ባለፈው ክረምት ለእህቴ ልጅ ከለንደን መጻሕፍት ይዤላት ገባሁ። ሽቶ ይዤላት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

እህቴ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው። ያመጣሁላት እዚያ እኩዮቿ የሚያነቧቸውን ሁለት ልብ ወለዶች ነው፤ ሁለቱም የሮሜዎና የዡልየት ነገር አለባቸው። አንዱ የማሎሪ ብላክማን ነው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው፤ ጥቁሮች ገዢ፣ ነጮች ተገዢ የሆኑበት አገር ላይ ሁለት ልጆች ይዋደዳሉ። ሌላው የክሎይ ጎንግ ነው፤ ፍቅረኞቹን ወስዳ በ1926 ሻንጋይ ውስጥ የሁለት ባላንጣ ወንበዴዎች ልጆች አድርጋቸዋለች። እኔ ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለው ሞልቶታል። ሼክስፒር ተነካ ብሎ የሚጮህ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ልጅቷ በሦስት ሌሊት ሁለቱንም ጨረሰች፤ ግማሹን በሻማ። ከዚያ «አጎቴ፣ የእኛዋን ሰብለንስ ማን እንዲህ ጻፋት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን ደብተሯን አውጥታ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ዋን ሰብለ ወደ ዛሬ አምጥታ ስምንት ገጽ ጻፈች።

ሰብለ ወንጌል ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። በዛብህ ሒሳብ ሊያስጠናት የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የመሬት ደላላ ሆነዋል፤ ዘር መቁጠሩን ግን አልተዉም። ጉዱ ካሳ ቲክቶከር ነው፣ በየሳምንቱ አካውንቱ ይዘጋበታል። ሰብለ ከቤት ስትጠፋ እንደ ድሮው የመነኩሴ ቆብ አታጠልቅም። የሞተር ሄልሜት አድርጋ፣ ምግብ አድራሽ መስላ ትወጣለች። ሄልሜቱ ላይ ስደርስ ከት ብዬ ሳቅሁ።

መስከረም ላይ ለአማርኛ መምህሯ ሰጠችው። ተመልሶ ሲመጣ በቀይ እስክሪብቶ «ቅርስ አይነካም» ተብሎበታል። ከ10 3።

ሦስት! ሄልሜቱ ብቻውን ሦስት ያወጣል።

ሼክስፒር ራሱ እኮ ነክቶ ነው። ታሪኩን ያገኘው በ1562 ከታተመው የአርተር ብሩክ ግጥም ነው፤ ያም ከጣልያን የመጣ ነው። ብሩክ ወራት ያስኬደውን በጥቂት ቀናት ጨረሰው፤ 16 ሊሞላት የነበረችውን ልጅ 14 እንኳ ያልሞላት አደረጋት። የዚያ ዘመን ቀይ እስክሪብቶ ስንት ይሰጠው ነበር? የእኛው ከበደ ሚካኤልስ በአማርኛ ግጥም ሲያመጡልን መች ተቆጣን? ሐዲስ ዓለማየሁም ቢሆኑ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት ቆልፈን እንድናስቀምጠው አይመስለኝም።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚያ ያሉ ደራሲዎች ታሪኩን ወደ ዛሬ ሲያመጡት ትልቁ ራስ ምታታቸው ስልክ ነው። በጥንቱ ታሪክ ደብዳቤው ለሮሜዎ ያልደረሰው መልእክተኛው በወረርሽኝ ምክንያት ቤት ተዘግቶበት ነው። ዛሬ አንዲት «አልሞትኩም» የምትል ቴክስት ሁሉንም ታድናለች። ቱሉ ዲምቱ ላይ ይሄ ችግር የለም። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ተከትሎት ይሄዳል፣ ታሪኩ ሳይነካ ይቀጥላል።

መምህሩን ሄጄ ላናግር ስል እህቴ በር ላይ ቆመች። «አንተ ነገ ትበራለህ። ልጄን ጥርስ ውስጥ እንዳታስገባብኝ!» ተቀመጥኩ።

እንዲያው ቢጨንቀኝ የአባታችንን «ፍቅር እስከ መቃብር» አምጪልኝ አልኳት፤ የመነኩሴውን ቆብ ቦታ ላሳያት ብዬ። የለም። አንድ ዘመዳችን በሰርጉ ሰሞን ተውሶት ነው አለች። ሰውዬው ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው! የአባቴ ፊርማ ያለበት፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ መጽሐፍ ነበር። ደወልኩለት። «ኧረ እኔ ጋ የለም፣ መልሻለሁ» ብሎ ዘጋው። ከቀዩ እስክሪብቶ የባሰ ያንገበገበኝ እሱ ነው። ቅርስ አይነካም የሚባለው ለእሱ ነበር።

ትናንት ልጅቷ በቴሌግራም ዘጠነኛውን ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ሰብለ ጎሃ ጽዮን ደርሳ ነዳጅ አልቆባታል፤ ሄልሜቷን እንዳደረገች ማደያ ሰልፍ ላይ ቆማለች። ከፊቷ 11 ሞተር አለ። በዛብህ ዓባይ ማዶ ቆስሎ ተኝቷል፣ ስልኩም አይነሳም።