ለአውላላም እንጩህ

በሳውዲ እስር ቤቶች ለታጎሩ ልጆቻችን ሰብዓዊ አያያዝ ዘመቻ ይደረግ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እደግፋለሁ። እኛ ወሎዬዎች ባቲ ላይ በሰኞ ገበያ በሬ ሲሸጥ ለምን እንደሆነ አንጠይቅም፤ ለማስለቀቂያ ገንዘብ መሆኑን እናውቃለን። ልጁ የመን ላይ ተይዟል፣ ደላላው በኢሞ ደውሎ ያስለቅሰዋል፣ እናት ስልኩን ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት ትዞራለች። ሂዩማን ራይትስ ዎችም በ2023 እ.ኤ.አ. የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ዘግቧል።

ግን ጸሐፊው አንድ ነገር ዘለሉ። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው መተማ አካባቢ አውላላና ኩመር መጠለያ የገቡት ሰዎችስ? በ2016 ዓ.ም. ዝርፊያና ጥቃት ሲበዛባቸው ብዙዎቹ ካምፑን ጥለው ወጡ፤ ጫካ ውስጥ ላስቲክ ወጥረው ከረሙ። ስንቶቻችን ትንፍሽ አልን? (ወሎ እንግዳ ወዳድ ነው ማለትማ ይቀናናል።) አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ እንዲሠራ፣ እንዲማር፣ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት ይፈቅዳል። ወረቀቱ ቆንጆ ነው። ጥበቃ የሌለው ካምፕ ውስጥ ግን የባንክ ሒሳብ ምን ይሠራል?

ሪያድን ስንጠይቅ አዲስ አበባንም እንጠይቅ። አለዚያ የሳውዲው ባለሥልጣን "እናንተስ?" ቢለን ምን ልንመልስ ነው?