ማስተካከያ፦ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ የከዋክብት ፎቶ ጉዟችን

በክለባችን የአዲስ ዓመት ዕቅድ ላይ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት እንደሚሆን ጽፈን ነበር። ስህተት ነው፤ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። የምንወጣው ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት ነው። ሙሉ ጨረቃ ሰማዩን ስለምታደምቀው ደብዘዝ ያሉትን ከዋክብት ትውጣቸዋለች። ስለዚህ ጉዞው 15 ቀን ገደማ ይገፋል።

ሌላም አለ። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ሁላችሁም የካሜራውን መዝጊያ ለ20 ሰከንድ ክፈቱ ብለን ነበር። ይህ የሚሠራው ለፉል ፍሬም ካሜራ፣ ማለትም ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ትልቅ ለሆነ ካሜራ ብቻ ነው። ስሌቱ 500ን ሌንሱ ላይ ለተጻፈው የሚሊሜትር ቁጥር ማካፈል ነው። አብዛኞቻችን የያዝነው ግን ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ነው። ክሮፑ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ስንት እጥፍ እንደሚያንስ የሚያሳየው ቁጥር) 1.5 ከሆነ፣ 24 በ1.5 ሲባዛ 36 ይሆናል፤ 500 ለ36 ሲካፈል ደግሞ ወደ 14 ሰከንድ ይመጣል። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። 14ም ቢሆን መነሻ ነው፤ ፒክስሉ የበዛ ካሜራ ከዚያም ያነሰ ይፈልጋል። አንድ ፎቶ አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ እዩት።

ትራይፖድ እንዳትረሱ። የቁም ፎቶ ልምምዱና የዓመቱ መጨረሻ ዐውደ ርዕይ በነበሩበት ናቸው።