ስልክ ዘግቶ ማን ሰላም ያድራል?

አዲስ አበባ ላይ አዲስ ዓይነት ማስታወቂያ በዝቷል። ሰውየው ፌስቡክ ገጹ ላይ ይጽፋል፦ «ውድ ወዳጆቼ፣ ቅዳሜና እሁድን ከስክሪን ርቄ ራሴን ላዳምጥ ነው። አታገኙኝም።» ከዚያ በየአሥር ደቂቃው ተመልሶ እየገባ ስንት ሰው «በርታ» እንዳለው ያያል። አንዱ «የት ልትሄድ ነው?» ይለዋል፤ ይመልስለታል። አንዷ «እኔንስ?» ትለዋለች፤ ለእሷ በውስጥ መስመር ይመልስላታል። ዓርብ ሌሊቱን እንዲህ ሲሰናበት ያነጋና ቅዳሜ መኪና ውስጥ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ሐሳቡን እንኳ አልጠላውም። ሰው ቢሰለቸው አይፈረድበትም። ዓይናችንን ስንገልጥ የዕድሩ ቴሌግራም ግሩፕ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቲክቶክ፣ ቢሮ ስንገባ አለቃችን በዋትስአፕ። ማታ ደግሞ የልጆቹ ትምህርት ቤት የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይለቃል። አንዷ እናት «ገጽ ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። የክፍሉ ወላጅ በሙሉ «እኔም አላየሁትም» ብሎ ተራ በተራ ይመልሳል። በመጨረሻ አንድ አባት የጽጌረዳ ሥዕል ያለበት «መልካም ምሽት» ይልካል። ይህን እያየ ያደረ ሰው ጫካ ቢገባ ምን ይገርማል?

መሄጃ ደግሞ ሞልቷል። ጊዜ ያጠረው ቢሾፍቱ ደርሶ ይመለሳል። ሁለት ቀን ያገኘው ላንጋኖ ይወርዳል፤ ውኃው ሻይ ቢመስልም ቢልሃርዚያ የለበትም ይባልለታልና ይዋኝበታል። ጉልበት ያለው ሰሜን ተራሮች ወጥቶ ከጭላዳ ጋር ፎቶ ይነሳል። አንድ የማስታወቂያ ወረቀት ላይ ያነበብኩት ግን ከሁሉም በልጦብኛል። ሎጁ የሚሰጣቸውን አገልግሎቶች ሲዘረዝር፦ ሙቅ ውኃ፣ ቁርስ፣ የእሳት ዳር ጨዋታ፣ ዋይፋይ የለም። «የለም» በአገልግሎትነት ተጽፎ ዋጋ ሲወጣለት ያየሁት ያኔ ነው።

ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በዚህ በኩል ቀድሞናል። ከቤቱ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነድቶ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ውስጥ ግሪን ባንክ የምትባል ትንሽ ከተማ ይሄዳል። እዚያ የተተከለው ቴሌስኮፕ 100 ሜትር ስፋት አለው። ከሰማይ የሚመጣ እጅግ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚያዳምጥ ዙሪያው ጸጥ ማለት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ መንግሥት አካባቢውን ከልሎ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና አደረገው። ማይክሮዌቭ እንኳ ይረብሸዋል አሉ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ደርሶ ስልኩ ላይ ኔትወርክ ጥፍት ሲል ደስታው ወሰን የለውም።

ይህን ሲያጫውተኝ ከልቤ አዘንኩለት። እኛ ያለ ምንም ቴሌስኮፕ ስንት ጊዜ ጸጥ ብለናል! በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ጥያቄ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣ። በዓመቱ በ2009 ደግሞ እንዳይደገም ተብሎ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ማንም ለሎጅ አልከፈለም፣ ማንም ሻንጣ አልሸከፈም፤ ሁሉም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከስክሪን ተፋታ። ታዲያ ያን ሰሞን «ራሴን አዳመጥኩ» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም ስልኩን እያጠፋ እያበራ ሲራገም ነው የከረመው። ሰው በግድ ሲያርፍ ይናደዳል፤ ከፍሎ ሲያርፍ ፎቶ ይነሳል።

እኛም ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ለመክፈል ወሰንን። መድረሻችን ወንጪ ሆነ።

ወንጪን ለማያውቅ፦ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወሊሶና በአምቦ መካከል። ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ አናቱ ሰምጦ ሐይቅ ታቅፎ ቀርቷል። በሐይቁ መሐል ደሴት፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አፋፉ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። የአካባቢው ወጣቶች ፈረስ ያከራያሉ፣ በጀልባ ያሻግራሉ። ከዚህ የተሻለ ስልክ የሚረሳበት ቦታ የለም ተባለ።

አስተባባሪያችን ገና ዓለምገናን ሳናልፍ ጥቁር ፌስታል አወጣ። «ሁላችሁም ስልካችሁን አጥፍታችሁ እዚህ ክተቱ። እሁድ ማታ ትወስዳላችሁ።» ጭብጨባ ሆነ። ሐሳቡን ያልደገፈ የለም።

ከዚያ ፌስታሉ መዞር ጀመረ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ «የሁላችሁም መዋጮ እኔ ቴሌብር ላይ ነው። እኔ ስልክ ከዘጋሁ በምን ልትበሉ ነው?» አለች። ትክክል ነች፣ አለፋት። ሹፌሩ «እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለ፣ አለፈው። ከኋላ የተቀመጠው ዲያቆን «የጸሎት መጽሐፌ እኮ ያለው እዚህ ውስጥ ነው» አለ። ይህንን ማን ደፍሮ ይከራከራል? አንዷ ሰዓት የምታየው በስልኳ ነው። አንዷ ልጇን ለሞግዚት ጥላ መጥታለች። አንዱ ደግሞ በታላቅ ወኔ እጁን ኪሱ ከትቶ ስክሪኗ የተሰነጣጠቀች፣ ሲም የሌላት አሮጌ ሳምሰንግ አውጥቶ ከተተ። ደህናዋ ስልክ በሌላው ኪሱ እንዳለች የጃኬቱ እብጠት ይመሰክር ነበር። አስተባባሪው ራሱ «ሎጁ እንዳይደውልልኝ ነው እንጂ...» ብሎ ፌስታሉን አጣጠፈው። በመጨረሻ እውነተኛ ስልክ ተብሎ የገባው የእኔና ባትሪዋ ያለቀባት የአንዲት ልጅ ብቻ ሆነ። እኔም ብሆን ምክንያት ሳፈላልግ ነው ፌስታሉ የደረሰብኝ።

ወንጪ ስንደርስ ግን ፍርድ ተሰጠ። ሎጁ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ማስታወቂያው አልዋሸም። ስልካቸውን በጥርስና በጥፍር ያዳኑት ሰዎች ክፍል ለክፍል እየዞሩ እጃቸውን ወደ ጣሪያ ሲዘረጉ ዋሉ። አንዷ አልጋ ላይ ቆማ «አንድ ነጥብ! አንድ ነጥብ!» ብላ ጮኸች፣ ሮጠን ስንደርስ ጠፍቷል። ከሰዓት በኋላ ዘበኛው አዘነላቸውና ምሥጢሩን አወጣ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ ጥቁር ሮቶ አለ። ከሮቶው በስተግራ፣ ፊትን ወደ ወሊሶ አዙሮ የቆመ ሰው ኔትወርክ ያገኛል።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጉዟችን ማዕከል ሐይቁ መሆኑ ቀርቶ ሮቶው ሆነ። ጋቢ ተከናንበው፣ ወደ ወሊሶ ዞረው፣ ሳይነጋገሩ በተርታ ይቆማሉ። ሒሳብ ሠራተኛዋ የምሳ ለመክፈል ስትመጣ ተራ ይለቁላታል። ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ከሩቅ አይቷቸው ጸሎት መስሎት ኮፍያውን አወለቀ።

እኔ ፈረስ ተከራየሁ። ፈረሱን የሚስበው ጎረምሳ «ብሮ፣ ስልክህን ስጠኝ፣ ከሐይቁ ጋር ላንሳህ» አለኝ።

«ስልክ የለኝም።»

ቆመ። ፈረሱም ቆመ። «ተሰረቅክ?»

«አይ፣ ሆን ብዬ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ቢልቢላ ሂን ቀቡ!» አላቸው። ስልክ የለውም ማለቱ ነው። ሌሎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዱ ከኪሱ የተቀቀለ ድንች አውጥቶ ሰጠኝ። የእኔ ጎረምሳ «አይዞህ» ብሎ የራሱን ስልክ አወጣ። ከኔ ስልክ በብዙ የሚሻል ነው። አፋፉ ላይ ደግሞ ኔትወርኩ እንደ ልብ ነው አለኝ። ፈረሱ ቁልቁለት ሲጀምር ኮርቻውን በሁለት እጄ ጨብጬ ዓይኔን ስጨፍን ቀረጸኝ።

ማታ እሳት ነደደ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ እንዴት እንደሚጀመር የጠፋን መስለን ነበር። ሰው ሁሉ እሳቱን እያየ እጁ ባዶ አየር ይዳብሳል። ያዳነን ኃይሌ ነው። አንዱ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «ሲድኒ ላይ ኃይሌ ቴርጋትን የቀደመው በግማሽ ሰከንድ ነው» አለ። ሹፌሩ «በደረት ብቻ ነው!» ብሎ ተነሳ። ሌላው በሙሉ እርምጃ ነው አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ክርክር ዕድሜው ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ይኸው» ይልና ሁላችንም ወደየስክሪናችን እንመለሳለን። አሁን ግን ማረጋገጫ የለም። ስለዚህ ሩጫው እንደገና መሮጥ ነበረበት። ሹፌሩ ቴርጋት ሆነ፣ ዲያቆኑ ኃይሌ ሆነ፣ እሳቱን እየዞሩ የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ሮጡ። ቴርጋት ሁለት ጊዜ አሸነፈ፣ እንዲደገም ተወሰነ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ከመሐላችን አንዱ ውኃ ልጠጣ ብሎ ተነስቶ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ድምፁን ጠራርጎ «0.09 ሰከንድ ነው» አለ።

ጸጥታ ሆነ።

«ሮቶው ጋ ሄደህ ነው!» ብላ ሒሳብ ሠራተኛዋ አፋጠጠችው። አልካደም። መልሱ ትክክል ነበር፣ ግን በአንድ ድምፅ ውድቅ ተደረገ። የሩጫው ውጤትም በይደር ተያዘ።

እኛ እዚያ ስንሮጥ አዲስ አበባ ሌላ ነገር ተነስቶ ኖሯል።

አክስቴ ቅዳሜ ከሰዓት ደውለውልኛል። ስልኩ ዝግ ነው። ያቺ የቴሌ ሴትዮ ደንበኛው እንደማይገኝ በትሕትና ነገረቻቸው። አክስቴ በማሽን አያምኑም፤ ደግመው ደወሉ፣ ያው ነው። አከራዬ ጋ ደወሉ። አከራዬ «ዓርብ ማታ ቦርሳ ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ» አሉ። ቦርሳ የምትለዋ ነገር ናት ጉዱን ያመጣችው። አክስቴ ዱባይ ላለችው ልጃቸው ሲነግሯት «ስልኩ አልሠራ አለ» ነበር ያሉት። ከዱባይ ወደ ቨርጂኒያ ሲያልፍ «ታሞ ነው መሰል» ሆነ። ቨርጂኒያ ሲደርስ ታስሬያለሁ። ከቨርጂኒያ ተመልሶ ሰፈራችን ሲገባ የሆንኩትን እዚህ አልጽፈውም። ብቻ እሁድ ጠዋት አክስቴ ቤት ወንበር ተከራይተው ነበር አሉ። በደንብ አልተጣራም፤ አክስቴ ለሌላ ጉዳይ ነው ይላሉ።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። እኚህ አክስቴ በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ፣ ነሐሴ 1 ስልካቸውን ዘግተው ሱባኤ ይገባሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በጥሬና በጸበል ገዳም ይቀመጣሉ። ማንም አይደነግጥም፣ ማንም ወንበር አይከራይም። «እትዬ ሱባኤ ናቸው» ይባላል፣ አለቀ። የእሳቸው ከስልክ መራቅ ቀን አለው፣ ምክንያት አለው፣ ጎረቤት ያውቀዋል። የእኔ ግን በእንግሊዝኛ የተሰየመ፣ ቀኑ በቀን መቁጠሪያ ያልገባ ነገር ነው። አክስቴ በኋላ «ንስሐ አባትህ አዘውህ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። አይደለም ስላቸው «ታዲያ ማን ዝጋ አለህ?» አሉኝ። የሎጁን ዋጋ አልነገርኳቸውም።

እሁድ ረፋድ ላይ ከሮቶው በኩል የሒሳብ ሠራተኛዋ ጩኸት ተሰማ። «አንተ! ና! ቲክቶክ ላይ ወጥተሃል!»

ሰልፈኛው መንገድ ለቀቀልኝ። ፊቴን ወደ ወሊሶ አዞርኩ። ቪዲዮው እየተሽከረከረ ቆይቶ ቆይቶ ተከፈተ። እኔ ነኝ፣ ፈረስ ላይ፣ ዓይኔ ተጨፍኖ፣ በጉንጬ ድንች። ከላይ በትልቁ «ስልክ የሌለው የአዲስ አበባ እንግዳ» ተብሎ ተጽፏል። ከኋላ የሚያሳዝን ዋሽንት ገብቶበታል። ከሥሩ አስተያየት እንደ ጉድ ነው። «ምስኪን።» «አዲስ አበባ እንዲህ ሆነ?» «አካውንቱን አስቀምጡልን፣ እናዋጣለት።» የቨርጂኒያው የአክስቴ ልጅም ደርሷል፦ «እዚያም ቴሌስኮፕ ተከሉ እንዴ?»

ወደ ታች ስወርድ ደግሞ የአክስቴን ጎረቤት ልጅ አካውንት አየሁ። የጻፈችው እሷ ብትሆንም ያጻፏት ማን እንደሆኑ አልጠፋኝም። «ልጄ፣ እንኳን በሕይወት ኖርክ። አሁን ከዚያ ፈረስ ላይ ውረድ፣ ይጥልሃል። ሹራቡንስ ለማን ብዬ ነው የሠራሁልህ?»